ኦረስት «የኔ ናት» ያላላት ግብ

ሃልደን ውስጥ ምላሷ የማይገታ ሴት ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ በረዶ ሜዳው ሻይ ቤት ይመሯችኋል። ድንች ስጠብስ ታገኙኛላችሁ። ስሜ ስቴፋ ህሪካይ ነው። ይህን የምጽፈው ስለ ወንድሜ ስለ ኦረስት ነው፤ ግን የእሱን እውነት ልናገር ካልኩ የራሴም ጉድ መውጣቱ አይቀርም። እሱ አንድ ጊዜ አጠፋ። እኔ ደግሞ ያንን ጥፋት ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ከድንቹ ጋር ለሰው ሳቀርብ ኖርኩ።

ኦረስት በሦስት ዓመት ያንሰኛል። አባታችን ውርጩ እንደገባ ግቢው ውስጥ ውኃ እያፈሰሰ የበረዶ ላይ ሆኪ የምንጫወትበት ሜዳ ይሠራልን ነበር። ከእኛ አምስት ቤት አለፍ ብሎ የሶልበርጎች ልጅ ቨርን አለ፤ የኦረስት እኩያ። ቨርን በር ላይ ይቆማል፣ ኦረስት ከፊቱ ይቆማል። እንዲህ ሆነው አደጉ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ግብ ለማግባት ሲራኮት፣ የእኔ ወንድም ደስ የሚለው ማስቀረት ነበር። እናታችን «ይሄ ልጅ ሲያድግ ዘበኛ ነው የሚሆነው» ትል ነበር፤ ብዙም አልተሳሳተች።

ተከላካይ የሚመሰገነው ምንም ያልተፈጠረ ለታ ነው። ፓክ የምንላት የጎማ ክብ በቅዝቃዜ እንደ ድንጋይ ትጠነክራለች፣ ከጎበዝ ዱላ ስትነሳ ደግሞ ከመኪና ትፈጥናለች። ተከላካይ ከፊቷ እግሩን ይገትራል፤ ሲብስም በሆዱ ይተኛላታል። በረኛው ከኋላው ሆኖ አያያትም፤ እግሩን ነው የሚያምነው። ስለዚህ አንድ ሕግ አላቸው፣ የትም ያልተጻፈ። ግብ ሲገባ ተከላካዩ ወደ በረኛው ይሄድና የእግሩን መከላከያ በዱላው መታ መታ አድርጎ «የኔ ናት» ይለዋል። ጥፋቱ የእሱ ሆነም አልሆነም ይላል። በረኛው ብቻውን እንዳይቆም ነው። ጋዜጠኛ ሲመጣም መልሱ ያው ነው፦ «የኔ ናት፣ እኔን ጻፉ።» ኦረስት በዕድሜው ከ«እንደምን አደራችሁ» ይልቅ ይህችን ቃል አብዝቶ ሳይናገራት አልቀረም።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ተስፋ እንዳለው ልጅ ሁሉ፣ ከተማ ሄዶ ከማያውቃቸው ሰዎች ቤት እየኖረ ይጫወት ጀመር። እናታችን ፒሮሂ የምንለውን በድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ በከረጢት እያሸገች ትልክ ነበር፤ ባለቤቶቹ ለራሳቸው እንደበሉት በኋላ ሰማን። በሃያ ዓመቱ ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ካለ ቡድን ጋር ፈረመ። ቨርንም እዚያው ፈረመ። ሁለት የሃልደን ልጆች በአንድ ማሊያ! ስድስት መቶ ሰው የሚኖርባት መንደራችን እግሯ መሬት አልነካ አለ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ከአንድ ቡድን ጋር እስከ ሰባት ጊዜ በሚገጥሙበት ማጣሪያ፣ ሦስት ለሦስት ሆነው ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ደረሱ፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። እሑድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበርና የመንደሩ ሰው ሻይ ቤቴ ውስጥ ተጠቀጠቀ። የቨርን አባት ጋሽ ኒልስ እኔ አጠገብ፣ ከምድጃው ጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱን ልጆች ለማየት ከትልቁ ሊግ መልማይ መጥቷል ተብሏል። አንድ ለአንድ አለቀና ጭማሪ ሰዓት ገባ። ቨርን ሃምሳ ሦስት ምት አድኗል። ጋሽ ኒልስ ስኒያቸውን ያዞራሉ።

ከዚያ አንዱ ከሩቅ መታ። ፓኳ መሬት ለመሬት መጥታ፣ በተከማቸው ሰው መሃል ሾልካ፣ በቨርን ሁለት እግሮች መካከል ገባች። አለቀ። ቴሌቪዥኑ የቨርንን እግር አቅርቦ፣ አዝግሞ፣ ደጋግሞ አሳየን።

እኔ ምን አልኩ? አባትየው አጠገቤ ተቀምጠው፣ ጭልፋዬን አንስቼ፣ «ኧረ ቨርን! እግርህን ግጠም እንጂ፣ ላም እኮ ታልፋለች!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ተበሳጭተን ስለነበር ሳቁ ደስ አለን። ጋሽ ኒልስ ስኒያቸውን አስቀመጡ፣ ኮፍያቸውን አደረጉ፣ «ደኅና ዋሉ» ብለው ወጡ። እስኪሞቱ ድረስ የሜዳውን በር ዳግም አልረገጡም። ቅር ብሏቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ፣ ነገ ይቅርታ እለምናቸዋለሁ አልኩ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ ጭራሽ የመንደር ቋንቋ ሆነች። ሃልደን ውስጥ ሳህን ያመለጠው፣ መታጠፊያ የሳተ፣ ምርጫ የተሸነፈ ሁሉ «ቨርን ሆንኩ» ይላል። አንድ ሙሽራ ቀለበቱን ሲጥል ይህችኑ ቃል ቄሱ ራሳቸው ተናግረዋታል። ቨርንን የዚያን በጋ ቡድኑ አሰናበተው፣ ሌላም አልጠራው። በሃያ ሦስት ዓመቱ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ። ሻይ ቤቴ ሲመጣ እኔ «እግርህን ገጥመህ ግባ» እለዋለሁ፣ እሱ ፈገግ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ጨዋ ነው፣ ቀልድ ይችላል እል ነበር። ምን ይበል ሰውየው?

ኦረስት ግን ያን ቀን አሥራ አንድ ምት በገላው አግዶ ነበርና መልማዩ እሱን አየ። በመከር ትልቁ ሊግ ገባ፤ አሥራ አንድ ዓመትም ቆየ። በአሥራ አንድ ዓመት ያገባው ግብ ዘጠኝ ነው፤ አንዷም ከሌላ ሰው ጀርባ ነጥራ የገባች ናት። አራት ቡድን ቀየረ። አንደኛው ጊዜ መሸጡን የሰማው ፀጉሩን ሲስተካከል ከፀጉር ቤቱ ሬዲዮ ነው። ሰባት ጥርስ፣ ሁለት ጣት፣ አንድ መንጋጋ፣ ሁለቱንም ጉልበቱን ለሥራው ሰጠ። «መዝጊያው» አሉት። አንድ ምት አይሸሽም፣ ስቃይ አያውቅም ተባለለት። እኔም ጋዜጣውን እየቆረጥኩ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩ፤ ሻይ ቤት ሳይሆን የወንድሜ መቅደስ አስመሰልኩት። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ተመልሶ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳ ጀመር። የቨርንን ቀልድ ስናገር ስቆ አያውቅም፤ ተነስቶ ይወጣል። ደግ ስለሆነ ነው እያልኩ በዚያም ኮራሁበት።

ባለፈው ዓመት የመንደሩ ምክር ቤት ሜዳውን በኦረስት ስም ሊጠራው ወሰነ። ከንቲባችን ዱዌይን ሮጦ መጣና «ስቴፋ፣ የቅዳሜ ምሳ ግብዣው ያንቺ ነው፤ ፊልምም እናሳያለን» አለኝ። ያን የድሮ ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ዕቃ ያዥ የነበሩ ሽማግሌ ወሬውን ሰምተው አንድ የቪዲዮ ካሴት ክር ልከው ነበር፤ አሰልጣኛቸው ለትምህርት ብሎ በሌላው ማዕዘን ያስቀረጸው ነው። ቴሌቪዥን ያላሳየን ጎን ማለት ነው። ኦረስት አሥራ አንዱን ምት ሲያግድ ይታያል፣ ከዚያ ቆርጠን እናወጣለን ብዬ ወንድሜን ቤቴ ጠራሁት።

ሾርባ አቅርቤለት ክሩን ከፈትኩ። አንድ በአንድ አየን። ሲተኛ፣ ሲነሳ፣ እያነከሰ ሲመለስ። «አንተ እብድ!» እያልኩ አጨበጭባለሁ። እሱ ሾርባውን አልነካም።

«ይበቃል፣ ዝጊው» አለኝ።

«ቆይ፣ መጨረሻዋን ልይ።»

«ስቴፋ፣ ዝጊው ብዬሻለሁ።»

እኔ ታላቅ እህት ነኝ፣ አልዘጋሁም። ያ ሰው ከሩቅ መታ። ፓኳ መጣች። የወንድሜ ቀኝ እግር እንደ ግንድ ተተክሏል፣ ልክ በመንገዷ ላይ። ከዚያ ያ እግር ተነሳ። ውኃ ዘሎ እንደሚሻገር ሰው፣ አንድ ስንዝር ብድግ አለ። ፓኳ በሥሩ አለፈች። ቨርን ያያት በሩ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

መልሼ አየሁት። አሁንም ተነሳ። ሜዳ ዳር ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ሚዛን ስቶ የተነሳ እግርና ፈርቶ የተነሳ እግር ይለየኛል።

«ኦረስት?»

«አዎ» አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «በአራተኛው ጨዋታ ፓክ ቁርጭምጭሚቴን መትታኝ ነበር። ተሰንጥቋል፣ ለማንም አልተናገርኩም። ይቺኛዋ ስትመጣ... ሌላ ጊዜ አልሸሸሁም፣ ስቴፋ። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም። በእናታችን አፈር።»

«ለቨርን አልነገርከውም?»

«ሄጄ እግሩን ልመታለት፣ የኔ ናት ልለው ይገባኝ ነበር። እግሬ እምቢ አለ። ሁልጊዜ ያልሆነውን የኔ ናት እላለሁ፤ እውነት የኔ የሆነች ቀን አፌ ተያዘ። መልማዩ ተቀምጧል። አንድ ቃል ብል የሚያውቅብኝ መሰለኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነገው ጋዜጣው የእሱን እግር አወጣ።»

«ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ነገ አለቀብህ?»

ይህን የምለው እኔ ነኝ እንግዲህ፤ ጋሽ ኒልስን ነገ እለምናለሁ እያልኩ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው የቀበርኳቸው። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አፈርኩና ሾርባውን አነሳሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ቨርን ዘንድ ሄድን። ብቻዬን አልችልም ስላለ ተከተልኩት። ቨርን ከእህል ጎተራው ሥር ማሽን ፈትቶ እጁ በቅባት ተነክሯል። እኔን ሲያይ ቶሎ ብሎ «እግሬን ገጥሜያለሁ!» አለኝና ሳቀ። እኔ እንዳልደክም ቀልዱን ራሱ አለልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ኦረስት ሳይቀመጥ ተናገረ፤ አላሳጠረም፣ አላስዋበም። ቨርን እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠ። ያውቅ ነበር ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ቢያውቅ ቅጣቱ ይቀልልን መስሎኝ። አያውቅም ነበር።

«እግርህ እዚያ ነበረች» አለ ቀስ ብሎ። «እሷን አምኜ ነው የቆምኩት። በኋላ ሳስበው፣ እግሩ እዚያ እያለች ፓኳ ካለፈች እኔ ነኝ የተኛሁት አልኩ። የራሴን ዓይን ነው ያላመንኩት፣ ኦረስት። አንተን ተጠራጥሬ አላውቅም።»

«ጥፋተኛ ነኝ፣ ቨርን። ይቅር በለኝ።»

«አባቴ ጎተራ ውስጥ በር ሠርቶ ድንች እየወረወረ ነበር ያስተማረኝ» አለ ቨርን፤ የሰማውም አይመስልም። «ሊሞት ሲል ምን አለኝ መሰለህ? አይዞህ ልጄ፣ ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ይፈዛል። እንደፈዘዝኩ አምኖ ነው የሄደው። እኔም አዎ አባዬ፣ ፈዘዝኩ አልኩት።»

ቨርን ጨርቁን ጣለ።

«ለእኔ ነገርከኝ፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ቅዳሜ ማይክ ይሰጡሃል አይደል? እናቴን ይዣት እመጣለሁ። እሷ ባለችበት ለእነሱ ንገራቸው። ከዚያ ስለ ይቅርታው እናያለን።»

«እናገራለሁ» አለ ወንድሜ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ቨርን ከኋላ «ስቴፋ!» ብሎ ጠራኝ። ዞርኩ። ሊናገር አፉን ከፈተና «ተዪው» ብሎ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ብሰደብ በወደድኩ።

ቅዳሜ የመንደሩ አዳራሽ ጢም አለ። ጥቅል ጎመኑን፣ ፒሮሂውን፣ የአሳማ ጭኑን ደረደርኩ። ፊልሙን አላመጣሁም፤ ክሩ ተበላሸ ብዬ ዱዌይንን ዋሸሁት። ኦረስት በገዛ አፉ ይናገር፣ መናገሩ ይሻላል ብዬ ነው። ይህንንም ለራሴ አሳምሬ አስቀምጬዋለሁ፤ እውነቱን ግን ልንገራችሁ፣ ያ እግር በመንደሩ ሰው ፊት ሲነሳ ማየት አልቻልኩም። ቨርን እናቱን እማማ ኢንግሪድን ደግፎ ገባ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከባላቸው ጋር ሜዳውን ትተው ነበር። ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ዱዌይን አሥር ደቂቃ ስለ ጀግንነት ለፈፈና ማይኩን ሰጠ። ኦረስት ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«በጭማሪ ሰዓት የገባችው ግብ የቨርን አይደለችም» አለ። «የኔ ናት። ፈርቼ እግሬን አነሳሁ። በእኔ ምክንያት ነው ቨርን...»

ንግግሩን አልጨረሰም። ከኋላ አንዱ «ይኸው! ዛሬም የኔ ናት አለ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ለካስ እነሱ የሚያውቁትን ኦረስት ነው የሰሙት፤ በተጫወተበት ዘመን ሁሉ በየጋዜጣው ጥፋቱን ሁሉ የእኔ ሲል የኖረውን። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ቆመ። ዱዌይን ዓይኑን እየጠረገ አቀፈው።

«አያችሁ? የቨርንን እንኳ ሳይቀር ተሸከመለት! ትሕትና ማለት ይሄ ነው!»

«አይደለም፣ እውነቴን ነው፣ ስሙኝ...» ይላል ኦረስት፤ በተናገረ ቁጥር ጭብጨባው ይብስበታል። ከቨርን ጀርባ የተቀመጠ ሰው ትከሻውን መታ አደረገና «አመስግነው እንጂ አንተ! ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አለው።

የቨርንን ፊት አየሁት። ሃያ አንድ ዓመት የለበሰው ፈገግታ አልነበረም። ተነሳና እናቱን ደገፈ። ሰው መንገድ የለቀቀላቸው ልባቸው ተነክቶ አልቅሰው የሚወጡ መስሎት ነው።

በእኔ በኩል አለፉ። እማማ ኢንግሪድ ቆሙ።

«ስቴፋ፣ ልጁ ያለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማማ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ዝም አስባለሽ? ለቀልዱ ጊዜ ድምፅሽ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።»

ጭልፋው በእጄ ነበር። «እማማ...» አልኩ። እሳቸው ግን አልጠበቁኝም። ቨርን በሩን ከፈተላቸው፣ ወጡ።

ያኔ ነው የሄድኩት። ማይኩን ከዱዌይን እጅ ነጠቅኩት። ክሩ አልተበላሸም፣ ዋሽቼ ነው አልኩ። እግሩ ሲነሳ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፣ ቤቴ ነው ያለው፣ ያላመነ ይምጣና ይይ አልኩ። ያቺን ቀልድ በጋሽ ኒልስ ጆሮ የፈጠርኳት እኔ ነኝ፣ እናንተም ተቀብላችሁኝ በልታችኋታል አልኩ። ስለ እኔ ትሕትና በሃልደን ማንም ሰምቶ አያውቅምና ያለ አንዳች ጥርጥር አመኑኝ።

ጭብጨባው ተቋረጠ። ሰው አንድ በአንድ ተቀመጠ፤ ሁሉም የየራሱን ሳህን ያያል። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ያለቅሳል። የቨርንን ትከሻ የመታው ሰውዬ እጁን ከጠረጴዛው በታች ከተተ። ይህን ዝምታ ቨርንና እናቱ መስማት ነበረባቸው። በሩ ላይ ደርሼ ስመለከት መኪናቸው ወደ እርሻቸው በሚወስደው መንገድ ታጥፏል።